ተገልብጦ መነሣት፤ ከቡሬ ወዲያ ባለው ግድብ

የሄድኩት የልጅ ልጄን ከሽንኩርት መላጥ ላስጥላት ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ምን አይተሽ መጣሽ?» ማለት ስላልተዉ፣ ለሁሉም በየተራ ከምነግር አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። መንገዱ ለጉልበት አይመችም፤ ውሃውም ለማንም ዘመድ አይደለም።

ሐሙስ

ትርንጎ የልጄ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔው ዘንድ ያደገች። ቡሬ ተምራ ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ከአራት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ማኅበር መሠረተች። አራቱም ወንዶች ናቸው። ሥራቸው ካያክ ነው። ካያክ ማለት እንደ ባቄላ እሸት ጠባብና ሾጣጣ የሆነ፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚገባበት ጀልባ ነው። የገባበት ሰው ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ጀልባ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ወንዝ ላይ ይዘውት ሊሄዱ ነው ሐሳባቸው።

ታዲያ ይህ ጀልባ ይገለበጣል። ሲገለበጥ ግን ሰውየው አይወጣም፤ ውሃው ውስጥ ቁልቁል እንደተዘቀዘቀ፣ በመቅዘፊያውና በወገቡ ራሱን አዙሮ ከነጀልባው ይነሣል። ይህን ያልቻለ ወንዝ አይወርድም። ሕጋቸው ነው፤ ሕጉን አልነቅፍም።

ወንዶቹ ቻሉ ተባለ። ትርንጎ አልቻለችም። አስማረ የሚባለው የማኅበሩ ሰብሳቢ «በቃ፣ አንቺ ዳር ሁነሽ ለእንግዶቹ ምሳ ሥሪ» አላት። ደውላ ነገረችኝ።

«እነሱ ሲለማመዱ አንቺ አትለማመጅም?» አልኳት።

«እለማመዳለሁ እንጂ፣ እምዬ።»

«መቼ?»

«እነሱ ሲደክማቸው።»

ስልኩን ዘጋሁ። በሶዬን ቋጥሬ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ።

ረዳቱ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሰው ሲጨምር «ልጄ፣ ይህ ወንበር ለስንት ሰው ነው?» አልኩት።

«እማማ፣ ፍቅር ካለ ይበቃል።»

«ፍቅር ካለማ አንተ የተቀመጥክባትን ልቀቅላት» ስለው መኪናው ሁሉ ሳቀ። አራተኛዋ ዶሮ የታቀፈች ነፍሰ ጡር ነበረች። ረዳቱ እየሳቀ ተነሣላት፤ እኔም ዶሮዋን ታቀፍኩላት።

ዶሮዋ እቅፌ ውስጥ ተኛች። በመስኮቱ ኑጉ አብቦ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። እኛም አገር ኑግ አለ፤ ኑግ ያው ኑግ ነው። ከመኪና ውስጥ ሲያዩት ግን እኛ የቆምን፣ ኑጉ የሚሄድ ይመስላል። እንደ ብዙ ሕዝብ ዝም ብሎ በአጠገባችን ያልፋል። ዶሮዋም እኔም ያን ቀን አንድ ዓይነት ሕልም ያየን ይመስለኛል፤ ቡሬ ስንደርስ ሁለታችንም ደንግጠን ነው የነቃን።

ቡሬ ከእኛ ከተማ ይልቅ ትጣደፋለች። አንዱ መንገድ ወደ ነቀምቴ ስለሚታጠፍ የጭነት መኪና አያባራም፤ አየሩም የእህል ብናኝ አለው። የትርንጎ ኪራይ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ከበሩ ጀርባ፣ በሁለት ጫፉ እንደ ጭልፋ የተዘረጋ መቅዘፊያ ቆሟል፤ ከሥሩ የከሰል ምድጃዋ አለ። ሁለቱን በየተራ አየሁ።

«ልትጣይልኝ ነው የመጣሽ?» አለችኝ።

«ላይ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ስታዪ ነው እኮ ሰው የሚፈራሽ።»

ዓርብ

ከቡሬ የያዝነው ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቂት እንደሄደ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ወርዶ ገፋ፤ ትርንጎ ገፋች፤ እኔም ልገፋ ስል ሁለቱም ጮኹብኝ። በዚህ መሐል ሽምብራ ሊዘራ የሚያርስ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ከሞፈሩ ፈትቶ መጣ። ባጃጁን በገመድ ከቀንበሩ ጋር አሰረውና «ና ጉራቻ! ሳብ ዳመና!» እያለ ጎተተልን። ባጃጅ በበሬ ሲጎተት ስታዩ ባጃጁ ራሱ የሚያፍር ይመስላል።

በሶ ስሰጠው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና «ጾሙ ገና ነው እናቴ፣ ሲደርስ እበላዋለሁ» ብሎ በኩታው ጫፍ ቋጠረው። ስሙን ብጠይቀው «የመንገድ ሰው ነኝ» ብሎ ተመለሰ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም፤ ይኖራል። ግን በሬውን ፈትቶ የሚመጣውን እስካሁን አላገኘሁትም።

ሾፌሩ ከዚያ ወዲያ አልደፍርም ብሎ ስለተመለሰ፣ የቀረውን በእግር ሄደን እትዬ ደብሬ ቤት ደረስን። እትዬ ደብሬ ልጆቹ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡባት፣ እኩያዬ የሆነች ባልቴት ናት። ገና ከመግባቴ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። «ተይ እንጂ» ብላት «አንቺ ብትሆኚ ትተይኝ ነበር?» አለች። አልተውም ነበር፤ ስለዚህ እግሬን ሰጠኋት። ከዚያ የሱፍ ፍትፍት አቀረበች። እኛ ዘንድ ሱፉን እናቀጥነዋለን፤ እርሷ አወፍራ በዳጉሳ እንጀራ ትፈተፍተዋለች። የማን ይበልጣል ብትሉኝ፣ የተራበ ሰው ዳኛ አይሆንም።

አመሻሽ ላይ ልጆቹ ወደሚለማመዱበት ግድብ ወረድን። ከኮረብታው ሲያዩት ሰማይ ደክሞት ሜዳ ላይ የተኛ ይመስላል። ዳር ስንደርስ አራት ጎረምሶች ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል።

«ምን ሁነው ነው?» ስል ትርንጎ ሳቀች። የጎማ ቀሚስ ነው። ወገብ ላይ ይጠብቅና ጫፉ በጀልባው አፍ ዙሪያ ይገጠማል፤ ውሃ አያስገባም። ፊት ለፊቱ ማንጠልጠያ አለው፤ መነሣት ያቃተው ሰው እሱን ሲስብ ቀሚሱ ይለቅና ዋኝቶ ይወጣል።

አስማረ ቀጭን፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው። ባሕር ዳር ጥቂት ጊዜ ተምሮ መጥቶ ሌሎቹን ያስተማረ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«የመጣሁት» አልኩት፣ «የሷ ተራ ለምን ከሁሉ በኋላ እንደሚሆን ልጠይቅህ ነው።»

«እማማ፣ የተራ ነገር አይደለም። ውሃ ትፈራለች። ስትገለበጥ መቅዘፊያውን ትለቃለች፤ ሁልጊዜ። የለቀቀ ደግሞ አይነሣም።»

«እናንተ የሞከራችሁትን ያህል ብትሞክር ትይዘው ይሆናል።»

ጌትነት የሚባለው ረጅሙ ልጅ ወዲያ ዞሮ «ከዳር ሁኖ መፍረድ ይቀላል፤ ገብተው አይዩትም!» አለ። አስማረ በክርኑ ጎሸመው፤ ነገሩ ግን ወጥቷል።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ያልቀመሰ ሰው ጨው አነሰ አይልም። ነገ እገባለሁ።»

«እምዬ! አበድሽ?» አለች ትርንጎ።

ቅዳሜ

የትርንጎን ሱሪ ከቀሚሴ በታች ታጠቅሁ። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አለበሱኝ፤ በሻሼ ላይ እንደ ሞተረኛ ሄልሜት ደፉብኝ። እትዬ ደብሬ ከዳር ሁና «ወይ ጉድ፣ ወደ ጦር ሜዳ ነው?» ትላለች። ዳሌዬ በጀልባው አፍ አልገባ ብሎ ጌትነትና አስማረ በትከሻዬ ተጭነው አስገቡኝ። ጌትነት ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

አስማረ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዬን ያዘ። «እማማ፣ እኔ እገለብጥዎታለሁ፤ እኔው አነሣዎታለሁ። እርስዎ መቅዘፊያውን ብቻ አይልቀቁ» አለ። ገለበጠኝ።

ውሃ ውስጥ ድምፅ የለም ሲሉ ሰምቼ ነበር። አለ፤ ግን የራስ ድምፅ ነው፤ ልብ ነው። ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ፀሐይዋ በእግሬ በኩል ታበራለች፤ የሻሼ ጫፍ ካጠገቤ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ላይና ታች የሚባል ነገር ትርጉሙን አጥቷል። ልጅ ሳለሁ ጠዋት በእናቴ ጋቢ ውስጥ ተሸፍኜ፣ ብርሃኑ በጥጡ አልፎ ሲገባ አየው ነበር፤ ውጭ ሰው ይነጋገራል፣ እኔን የሚጠራኝ ግን የለም። እንደዚያ ሆነብኝ። ብቆይ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ጀልባው ዞረና አየር ፊቴን መታኝ። እጄ ባዶ ነው። መቅዘፊያው ራቅ ብሎ ብቻውን ይሄዳል።

«ለቀቁ!» አለ ጌትነት።

«እንደገና» አልኩ። እንደገና ገባሁ፤ እንደገና ባዶ እጄን ወጣሁ። እንዳልለቅ በልቤ ምዬ ነው የምገባው። አስማረ ቀጥሎ ሲገለብጠኝ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተመለከተኝ።

«እማማ፣» አለ ስነሣ፣ «ቀኝ እጅዎን ምን እያደረጉት ነው?»

እጄን አየሁት። ግራ ትከሻዬ ላይ ነው።

«አማትቤ ነዋ!» አልኩ።

ዳር ያሉት ሁሉ የሳቁት ሳቅ ከግድቡ ማዶ ተመልሶ መጣ።

«ምን ያስቃል? ሳላማትብ ልሙት?»

ያልሳቀችው ትርንጎ ብቻ ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እኔም» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እኮ እሱን ነው የማደርገው። ሳላውቀው።»

ሲበርቅ አማትቢ፣ ስትደናቀፊ አማትቢ፣ ስታዛጊ አማትቢ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የልጅቱ እጅ ውሃ አልፈራም፤ የተማረውን እያደረገ ነው።

«አሁን ምን ይደረግ?» አለ አስማረ። ሳቁ ጠፍቶ እያሰበ ነበር። «እማማ፣ ይህን ተዪ ልላት አልችልም።»

«ማን ተዪ በል አለህ? ከመገለበጧ በፊት ታማትብ። እግዜር እንደሆነ ቀድሞ ቢነገረው አይረሳም።»

ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ሙሉ በሙሉ የትርንጎ ሆነ። እኔ አልለመንኩም፤ አስማረ ራሱ ነው ያለው። ጀልባዋ ላይ ሁና ታማትባለች፣ መቅዘፊያውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች፣ ትገባለች። አልለቀቀችም። አስማረ «ወገብ ይቅደም፣ ጭንቅላት መጨረሻ!» እያለ ይጮኻል። ይህን እኔ ወዲያው ገባኝ፤ የስቅለት ዕለት ስንሰግድ ከመሬት ስንነሣ ጭንቅላቱን ያስቀደመ ሰው ዞሮበት ይወድቃል፤ ወገቡን ያስቀደመ እስከ ማታ ይሰግዳል። ነገርኳት። «እምዬ፣ እዚያ መሬት አለ» አለች ውሃዋን እየተፋች።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ደብሬ የአጃ ሙቅ አፍልታ ጠበቀችን። ሌሊቱን ተኝቼም አረንጓዴው አልለቀቀኝም።

እሁድ

ከቅዳሴ ስንወጣ የመንደሩ ሰው ግማሹ ተከትሎን ወደ ግድቡ ወረደ። ፈተናው ወንዶቹ በተፈተኑበት ቦታ፣ ወንዶቹ በተሰጣቸው ሦስት ሙከራ እንዲሆን ተስማማን። እኔ ጫማዬን አውልቄ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃው ውስጥ ቆምኩ።

ትርንጎ አማተበች። ገባች። የጀልባው ሆድ ወደ ላይ ሆነ። ሰው ሁሉ ከሷ ጋር ትንፋሹን ያዘ። መቅዘፊያው ተንቀጠቀጠ፤ ጀልባው አጋደለ፤ ትርንጎ ከነውሃዋ ቁጭ አለች።

እትዬ ደብሬ እልልታውን ለቀቀችው። ጌትነት አጨበጨበ። አስማረ «ቀዛፊ! ቀዛፊያችን!» እያለ ውሃውን በመዳፉ ይመታል። ትርንጎ ወደኔ ዞራ እንደ ሕፃንነቷ በሙሉ ጥርሷ ሳቀች።

እኔ መቅዘፊያውን እያየሁ ነበር። ጫፉ ላይ ጥቁር ጭቃ አለ፤ በጀልባው ዙሪያም ውሃው ደፍርሷል።

ማንም አላየም። ዝም ብል የመጣሁበት ተፈጽሟል። ልጄ ትስቃለች፣ መንደሩ እልል ይላል። ይህን ስጽፍ እንኳ ያቺ ቅጽበት ረጅም ናት፤ ውሃው ውስጥ ከቆየሁት ትረዝማለች።

«ትርንጎ፣» አልኩ፣ «መቅዘፊያሽን ወደ ላይ አንሺው።»

አነሣችው። ጭቃው በክንዷ ላይ ወረደ።

«መሬት ገፍተሽ ነው የተነሣሽው።»

ጫፉን አየችው። እሷም አላወቀችም ነበር፤ ፊቷ ይናገራል። «እምዬ?» አለች።

ወደ አስማረ ዞርኩ። «እናንተስ የት ነበር የተፈተናችሁ?»

«እዚሁ።»

«እስኪ ያንተን መቅዘፊያ ትከለው።»

ተከለው። መሬቱን ነክቶ ግማሹ ከውሃው በላይ ቀረ። እልልታው ቆመ።

«ወንዙ መሬቱን እንዲህ አቅርቦ ይጠብቃችኋል?»

ጌትነት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ጉድ እኮ ነው! እሷን ሊያስገቡ መጥተው ሁላችንን አስወጡን!» አለ። አስማረ ግን መቅዘፊያውን ከጭቃው ነቀለ። «ነገ ጠዋት በጥልቁ በኩል» አለ። «ሁላችንም። እኔም ጭምር።»

ማታ ትርንጎ ከኔ ጋር አልበላችም። እትዬ ደብሬ ወጥ እየጨለፈች «ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለችኝ። «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ትናገሪ ነበር?»

«የሌላ ሰው ልጅ ብትሆንማ ቶሎ ነበር የምናገረው።»

«እኮ! ምነው ለራስሽ ልጅ ቢዘገይ?»

«ዘግይቷል እኮ» አልኳት። ይህን ስል ትርንጎ ከመደቡ ጥግ ትሰማለች፤ ግን አልዞረችም።

ሰኞ

ጥልቁ በግድቡ ግንብ ሥር ነው። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ይሁኑ ጉም ላይ አይለይም። የሚፈተነው መሐል ሲሆን ሌሎቹ በየጀልባቸው ከብበው ይጠብቁታል።

ጌትነት እንደ ዓሣ ገብቶ እንደ ዓሣ ወጣ። ምላሱ ረጅም ነው ብዬ የሚገባውን ልነፍገው አልችልም፤ ጎበዝ ነው። ከሱ ቀጥሎ የማኅበሩ ሌሎቹ ሁለት፣ ወንድማማቾቹ፣ ተነሡ፤ ታናሽየው በስንት መከራ።

አስማረ ገባ። መቅዘፊያው መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። ቀሚሱን ስቦ ዋኝቶ ወጣ። ደገመ፤ ሠለሰ። በመጨረሻው ጀልባውን አቅፎ እየሳለ ወደ ዳር ሲመጣ አልሳቀም፤ ጥርሱ ተከድኖ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ትርንጎ ተራዋ ደረሰ። አማተበች። ገባች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጨፍኜም አረንጓዴውን አየሁት፤ እዚያ ውስጥ አብሬያት ነበርኩ። ስገልጥ መቅዘፊያው ወጥቷል፣ ግማሽ ፊቷ ወጥቷል፣ አየር ልትስብ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፤ ጀልባው መልሶ ዋጣት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ዋኝታ ወጣችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኩታዬን ላለብሳት ስል ትከሻዋን አራቀች።

«ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምሳውን ማን ሊሠራ ነው?» አለ ጌትነት። በልማድ ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞሩ። አፌን ልከፍት ስል አስማረ ቀደመኝ።

«እኔና እሷ። ያልተነሣ ሁሉ በየተራ። ልምምዱም ከእንግዲህ ላልተነሣው ይቅደም።» ከዚያ ወደኔ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ሽንኩርት ሳያስለቅስ የሚላጠው እንዴት ነው?»

«ያስለቅሳል» አልኩት። «ሌላ መንገድ የለውም።»

እትዬ ደብሬ ለመንገድ ዳቦ ጠቀለለችልኝ። ትርንጎ ጓዜን ተሸክማ ኮረብታውን ከኔ ጋር ወጣች። አናቱ ላይ ስንደርስ ጓዜን አወረደች።

«ተቀይመሻል?» አልኳት።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ፣ እምዬ።»

ነጠላዬ ተጣሞ ነበርና አስተካከለችልኝ። «ስትደርሺ ደውይ» አለችና ቁልቁል ተመለሰች፤ መጀመሪያ እየተራመደች፣ በኋላ እየሮጠች።

ጭቃው ስለደረቀ ትርንጎ በስልክ የጠራችልኝ ባጃጅ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ተነሥቶ ግድቡ እንደ መስተዋት ሆኗል። ከቆይታ በኋላ ሁለት ጀልባዎች ወደ ጥልቁ ሄዱ። ከሩቅ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ሄልሜት የደፉ፤ አንዱ አስማረ፣ አንዷ ትርንጎ ናቸው። አንደኛው ጀልባ ተገለበጠ። ከዚያ ቦታ ድምፅ አይሰማም፤ የውሃው ክብ ብቻ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄዳል። ባጃጁ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ሾፌሩ ጠራኝ፤ እጄን ቆይ ብዬ ዘረጋሁ።

መቅዘፊያው ወጣ። ጀልባው ቀስ ብሎ፣ እንደሚነቃ ሰው፣ በጎኑ ዞረ። ወገብ ወጣ፤ ትከሻ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ፣ ጭንቅላት።

ማን እንደሆነ ዓይኔ አልለይ አለኝ። እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ብመለከት አሁንም አልለይ አለኝ።

እልል አልኩ።

«ማን ተዳረ፣ እማማ?» አለ ሾፌሩ።

«አላወቅሁትም» አልኩትና ደግሜ እልል አልኩ።